ግራ እጃቸው ወደኋላ የቀረበት ቀን

ፒያኖ አስተማሪ ነኝ ስል ሰው የሚታየው ሰፊ አዳራሽና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፒያኖ ነው። የእኔ ሥራ ግን ግማሹ የሚያልፈው ታክሲ ውስጥ ነው። መኖሪያዬ ፉሪ ነው፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ተበታትነዋል። ጠዋት በእንጦጦ በኩል ወጥቼ ሱሉልታ እገባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ አመሻሽ ላይ ቡራዩ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ማዳረስ ያለብኝ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ይህ ገጠመኝ ያገኘኝም ሐሙስ ቀን ነው።

በዚያን ጊዜ ሠላሳን ገና የተሻገርኩ፣ ለብቻዬ የምኖር፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ ልቤ ቀጣዩ ቦታ ላይ የሚደርስ ሰው ነበርኩ። የአንዱን ቤት ትምህርት ሳልጨርስ የሌላውን ቤት ታክሲ አስባለሁ። ሰልፉ ይረዝም ይሆን? ዓለም ገና ላይ መንገዱ ይዘጋ ይሆን? እግሬ ከወንበሩ ሥር ዝም አይልም። እናቴ ስልክ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ተቀምጠሻል?" የሚል ነበር።

ሥራዬን ግን እወደዋለሁ፤ ለተማሪ ችግር መላ መፈለግ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ሱሉልታ ናሆም የሚባል ልጅ አለኝ። አንድ ቁልፍ በሳተ ቁጥር ዜማውን ከራሱ ይጀምረዋል። በዚህ ምክንያት መግቢያውን እንደ ውሃ ሲጠጣው መጨረሻውን ግን ከነጭራሹ አያውቀውም። እሱን ከመጨረሻው መስመር ጀምሬ ወደኋላ እየቆራረስኩ አስተማርኩት፤ አሁን ወደሚያውቀው ነገር እየተጠጋ ስለሚሄድ አይፈራም። የቡራዩዋ ሩት ደግሞ ጆሮዋ ስለት ነው። አንዴ የሰማችውን ትጫወተዋለች፣ ኖታውን ግን ዞር ብላ አታየውም። ለእሷ ከዚህ ቀደም ሰምታው የማታውቀውን አጭር መስመር እሰጣታለሁ፣ እኔም ቀድሜ አልጫወትላትም። እያጉረመረመች ታነበዋለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለሁሉም መላ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

አዴ ጫልቱ ከሁሉም ይለዩብኛል። ስልሳን ያለፉ፣ ሰበታ ተወልደው እዚያው ወልደው የከበዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲነግዱ ኖረው መደብሩን ለትልቁ ልጃቸው ያስረከቡ ሴት ናቸው። ኪቦርዱ የተገዛው ለመጨረሻ ልጃቸው ለሌንሳ ነበር። ሌንሳ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሳሎን ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ። ቁጥሬን ከአንድ ዘመዳቸው አግኝተው ደወሉልኝና፣

"ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ቦታዬን ይዞብኛል። ወይ ልሽጠው ወይ ልማርበት ብዬ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጀመርን።

ትልቅ ሰው ማስተማር ልጅ ከማስተማር ይለያል። ልጅ ጣቱ ይቀድምና ልቡ ኋላ ይደርሳል፤ ትልቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፣ ጣቱ ግን እሺ አይለውም። ያ ደግሞ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ለእሳቸው በአንድ ቀን ተጀምረው የሚያልቁ ትንንሽ ዜማዎችን እመርጥላቸው ነበር፤ ስህተትም ካየሁ አንዱን ብቻ አነሳና ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድረዋለሁ። ምት ሲቆጥሩ በኦሮምኛ ነው። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ቢሆንም ቁጥር ላይ ሲደርሱ አፋቸው የፈታበትን ቋንቋ ይመርጣሉ፤ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ይላሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባለ ሦስት ምት ዜማ በጣም ይወዱ ነበር።

ያን ቀን ሰበታ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ዓለም ገና ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ስለነበር ታክሲያችን እንደ ኤሊ ነው የመጣው። የቡራዩዋ ሩት አባት ደግሞ ሁለት ታናናሾቿንም ሊያስጀምር ስለነበር በዚያ ምሽት ቁጭ ብለን እንድንነጋገር ቀጥሮኛል። አዴ ጫልቱ ቤት ስገባ ልቤ ቡራዩ ነበር።

እሳቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። "አከም ጅርታ" ብለው ሳሙኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ሌንሳ ለእረፍት እንደመጣችና ጓሮ ልብስ እያጠበች እንደሆነ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ኦቦ ድሪባ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ማሳቸው ላይ ነበሩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥን።

ሳምንቱን ሙሉ የተለማመዱትን ባለ ሦስት ምት ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱልኝ። ቀኝ እጃቸው ዜማውን፣ ግራ እጃቸው ምቱን። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። አጨበጨብኩላቸው። ደስ አላቸውና፣ አንዴ ልድገመው አሉ።

ሲደግሙት ግራ እጃቸው ወደኋላ ቀረ።

መጀመሪያ አልገረመኝም። ሰው አንድ ጊዜ ሲሳካለት ሁለተኛውን ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ይበላሻል። ቀስ ይበሉ፣ ግማሹን ፍጥነት ብቻ አልኳቸው። ለቸኮለ ተማሪ የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው። ቀስ አሉ። ግራ እጃቸው ግን ይበልጥ ዘገየ። አንዱን ምት ይመታና ሁለተኛውን ይዘለዋል።

እጃቸው ደንዝዞ ይሆናል አልኩ በልቤ። ልብስ ሲያጥቡ ውለው ይሆናል። ትከሻዎን ይልቀቁት፣ እጅዎን ያራግፉት አልኳቸው። ቀኙን አራገፉ። ግራው ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ግራውንም አልኳቸው። ተመለከቱት፤ ከዚያ እንደምንም አነሱት።

ሁለት እጅ አብሮ ሲያስቸግር መላው መለየት ነው። ቀኙን ይተዉት፣ ግራውን ለብቻው እንስማው አልኳቸው። የትኛውም ተማሪ እዚህ ላይ ትንፋሹ ይመለሳል፤ ሸክሙ በግማሽ ይቀልለታላ። የእሳቸው ግን ባሰ። ጣቶቻቸው ቁልፉ ላይ ተቀምጠው አይጫኑም።

"ምነው፣ ደከመዎት?" አልኳቸው።

"ኧረ ምንም አልሆንኩ። ይኸው እየመታሁ አይደል?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ፊታቸውን ያየሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ስንት ዓይነት ስህተት አይቻለሁ። የተሳሳተ ተማሪ መሳሳቱን ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ፤ ቅንድቡን ይቋጥራል፣ ምላሱን ይነክሳል፣ ወይ ይስቃል። አዴ ጫልቱ ግን እጃቸው ቆሞ እየመቱ መስሏቸዋል። ድምፁ አለመሰማቱን እንኳ ልብ አላሉም። እንዲህ ዓይነት ስህተት የለም። ይህ ትምህርት ያልገባው ሰው እጅ አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ሞከርኩ። ጮክ ብለው ይቁጠሩልኝ አልኳቸው።

"ቶኮ... ለማ..." ሦስተኛው ቁጥር አፋቸው ውስጥ ተልፈሰፈሰ። እንደገና ጀመሩት፤ አሁን "ለማ"ም ጠፋ። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። የከንፈራቸው ቀኝ ጎን ብቻ ነው ፈገግ ያለው።

ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሌንሳን ጠራኋት። እጇ አረፋ እንደያዘ መጣች። እናቷን አየቻቸውና ግፊታቸው ወርዶ ይሆናል፣ ምሳ በቅጡ አልበሉም፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ልስጣቸው አለች። ስትሄድ እኔ እጃቸውን ያዝኩ። ግራው ይከብዳል። የተኛ ሰው እጅ ይመስላል። ሻዩን ስታቀርብላቸው ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ትን አላቸው፤ ብርጭቆውን ተቀበልኳትና አስቀመጥኩት። ምንም እንዳትሰጫቸው፣ ሐኪም ቤት ነው የምንወስዳቸው አልኳት።

አዴ ጫልቱ ቀኝ እጃቸውን እያወዛወዙ የትም አልሄድም አሉ። በተልፈሰፈሰ አንደበት እየተቆጡ ነበር። ሌንሳ መሀል ሆና ግራ ገባት፣ አባቷ ጋ ደወለች። ኦቦ ድሪባ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ድካም ነው፣ ጋደም ይበሉ፣ እኔ እስክመጣ ጠብቁ አሏት። እሷም እንደመረጋጋት አለች። አልጋ ልታነጥፍ ተነሳች።

እኔ ለዚያ ቤት ምንም አይደለሁም። በሳምንት አንድ ቀን የምመጣ፣ ፒያኖ የማስተምር ባዳ ነኝ። ተሳስቼ ቢሆንስ? የሰው እናት ከቤት አስወጥቼ፣ አገር ምድሩን አስደንግጬ፣ ድካም ሆኖ ቢገኝስ? ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈብኝ። ከዚያ ስልኩን ከሌንሳ እጅ ወሰድኩት።

"ኦቦ ድሪባ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም" አልኳቸው። "ግን የአዴ ጫልቱን ግራ እጅ በየሳምንቱ አየዋለሁ። አሁን ከፊቴ የነበረው እጅ የሳቸው አይደለም። ድካም ከሆነ እኔን ይቆጡኛል፤ ካልሆነ ግን እርስዎ እስኪመጡ መጠበቅ አንችልም።"

ከኋላቸው የበሬ ድምፅ ይሰማኛል። በመጨረሻ "ከድርን ጥሩት፣ መኪና አለው" አሉ።

ከድር ጎረቤታቸው ነው፤ ከእነሱ አጥር ቀጥሎ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። ሌንሳ ሮጣ ስትነግረው ደንበኛ ፊት መዝጊያውን ጎትቶ መጣ። አዴ ጫልቱን እሱና እኔ ደግፈን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ግራ እግራቸውም መሬት ላይ ይጎተት ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ክሊኒክ አጠገብ ቆምን። የወጣችው ነርስ መኪናው በር ላይ ሆና ሁለቱንም እጃቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው። ቀኙ ቆመ፣ ግራው ወዲያው ወረደ።

"ስትሮክ ይመስላል። እኛ ጋ የሚሠራ ነገር የለም፤ እዚህ አታቆዩአቸው፣ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷቸው" አለችን። ሌንሳ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በዚያ ሰዓት የጭነት መኪናው፣ የፋብሪካ ሰርቪሱ፣ ባጃጁ፣ በሬ የሚነዳው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ከድር ጥሩምባ እየነፋ፣ መብራት እያበራ ይሄዳል። እኔ ኋላ ከአዴ ጫልቱ ጎን ሆኜ እጄን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ጭንቅላታቸውን አቅናለሁ፣ ነጠላቸውን እሰበስባለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እንዳይተኙብኝ ስለፈራሁ "ይቁጠሩልኝ" እላቸዋለሁ። አንዳንዴ "ቶኮ" ይሉኛል፤ አንዳንዴ ያዩኛል ብቻ። በየመሀሉ ስልኬ ይጮሃል፤ የሩት አባት ነው። አላነሳሁትም።

ዓለም ገና ላይ ስንደርስ ያ መንገድ የዘጋው የጭነት መኪና አሁንም አልተነሳም። ፊታችን ያለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ከድር መሪውን በመዳፉ መታው። ወደኋላም ወደፊትም አይባልም። ሌንሳ ከፊት ወንበር ዞራ እናቷን እያየች ነበር፤ እኔን ስታየኝ ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ነገር እስካሁን አልረሳውም። አንቺ ነሽ ያወጣሽን፣ አሁንስ ምን ትያለሽ የሚል ነገር ነበረው።

እነዚያን ዓመታት ሙሉ በዚያ መንገድ ስመላለስ፣ ታክሲው መንገድ ሲዘጋበት ወርጄ በእግሬ ስሄድ፣ ቤቴ የምገባባቸውን የፉሪ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ለቅሜ አውቃለሁ። ከድርን በስተቀኝ እንዲታጠፍ ነገርኩት። ያ መንገድ ለትንሽ መኪና አይሆንም አለኝ። ይሆናል፣ በበጋ ይሆናል አልኩት። በማሳ ጥግ፣ ባላለቁ ቤቶች መሀል፣ አሸዋና ድንጋይ በተከመረበት በኩል እያዘዝኩ አሳለፍኩት። የመኪናው ሆድ ሁለቴ መሬቱን ሲፍቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። አዴ ጫልቱ በተንገጫገጭን ቁጥር ያቃስታሉ። ማቃሰታቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ መስማት የምፈልገው ድምፅ ነበር። ኮብል ድንጋዩ ላይ ስንወጣና ሰፊው አስፋልት ፊታችን ሲታይ ከድር "አልሐምዱሊላህ" አለ።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ከሁሉም በፊት የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ ነው? ሌንሳ ጠዋት ደህና ነበሩ አለችው። ፊቱ ጨለም አለ። ጠዋት ከሆነ ብሎ ጀመረ።

"ጠዋት አይደለም" አልኩት። "አሥር ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ።"

"እርግጠኛ ነሽ? በዚህ ላይ ነው መድኃኒት የምወስነው።"

"በሁለቱም እጃቸው አንድ ዜማ እስከ መጨረሻው ሲጫወቱ አጠገባቸው ነበርኩ። ሲደግሙት ነው ግራው የቀረው።"

አንድ አፍታ አየኝ። ምን ዓይነት መልስ ነው ብሎ ይሆናል። ከዚያ ዞሮ ባልደረቦቹን ጠራ፣ አልጋውን እየገፉ ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ይዘዋቸው ሮጡ።

እኔ መጠበቅ አልችልበትም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ እስከ በሩ ሄጄ እመለሳለሁ። ከድር ሶላቱን ሰግዶ መጥቶ ተቀመጠ። ኦቦ ድሪባ ጫማቸው አቧራ እንደለበሰ ደረሱ። የመጡት በሰው ሞተር ሳይክል ነው። ማንንም ሳያናግሩ ከሌንሳ ጎን ተቀመጡና እጇን ያዙ። ቆይተው ወደ እኔ ዞረው "ጠብቁ ብዬ ነበር" አሉ። ሄጄ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ወጣ። የረጋ ደም የአንጎላቸውን አንዱን የደም ሥር ዘግቶት እንደነበር፣ የሚያሟሟውን መድኃኒት እንደሰጧቸውና ነገሩ ወደ ጥሩ እየሄደ እንደሆነ ነገረን። መድኃኒቱ የሚሠራው በጊዜ ሲሰጥ ብቻ ነው፣ መቼ እንደጀመራቸው ባይታወቅ ኖሮ አልደፍርም ነበር አለ። ኦቦ ድሪባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት አወረዱበት።

አዴ ጫልቱ ዳኑ። አንደበታቸው ተመለሰ፣ መራመድም ቻሉ። ግራ እጃቸው ግን ከበድ እንዳለ ቀረ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉልኝ። እጅ የምታሠራቸው ባለሙያ ጣታቸውን ሁልጊዜ እንዲያንቀሳቅሱ ነግራቸዋለች፤ ኳስ ስጨምቅ ከምውል ያንቺን ሥራ ልሥራ ብዬ ነው አሉኝ።

ሄድኩ። ያውም የሐሙስን ከሰዓት በኋላ ለእሳቸው ብቻ ለቅቄ ነው። የቡራዩን ቀጠሮ ወደ ቅዳሜ አዛወርኩት፤ የሩት አባት ስነግረው ተረዳኝ። ዜማ አላልንም። አንድ ጣት፣ አንድ ቁልፍ። ሲሳካ እዚያው እናቆማለን፤ የደከመ እጅ ስህተቱን ነው የሚማረውና። ቀኙ ቀድሞ ይጫወተዋል፣ ግራው አይቶ ይከተላል። አንዳንድ ቀን ሁሉም ወደኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ኪቦርዱን ዘግተን ስለ እህል ዋጋ እናወራለን።

አንባቢዎቼ፣ ከመሀላችሁ ልጅ የምታስተምሩ፣ ፒያኖም ይሁን ሒሳብ፣ ንባብም ይሁን መኪና መንዳት፣ ብዙ አላችሁ። መላ መያዝ ጥሩ ነው። ቀስ አድርጉት፣ ከፋፍሉት፣ ከመጨረሻው ጀምሩት፣ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ እነዚህን ሁሉ ዛሬም እሠራባቸዋለሁ። ግን አንድ መላ ሲከሽፍባችሁ ወደሚቀጥለው ከመሮጣችሁ በፊት ቀና በሉና የሰውየውን ፊት እዩ። ትናንት የሚያውቀውን ዛሬ ያጣ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ነው፣ የተራበ ነው፣ ቤቱ የተረበሸ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ያን ቀን ካደረግሁት ሁሉ የጠቀመው አንድ ነገር ቢኖር አጠገባቸው ተቀምጬ መስማቴ ነው። ልቤ ቡራዩ እንኳ ቢሆን ጆሮዬ እዚያው ነበር። አሁን ልቤንም እዚያው ለማስቀመጥ እየተማርኩ ነው። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ እግሬ ዛሬም ከወንበሩ ሥር ይወዛወዛል።

ባለፈው ሳምንት አዴ ጫልቱ አዲስ ነገር ካልሰጠሽኝ አሉ። የግራውን ክፍል እኔ እየተጫወትኩላቸው፣ ቀኙን እሳቸው፣ አንድ አጭር የሠርግ ዜማ ጀመርን። መሀል ላይ ሌንሳ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ልመልስላት ዞር ስል እጄን ከቁልፉ አነሳሁ። ዜማው ግን አልቆመም። ከበታቹ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ከምቱ ዘግይቶ፣ ከዚያም ሌላ። ዞሬ ሳይ ግራ እጃቸው እኔ የለቀቅሁት ቦታ ላይ ነበር።

"አትንኪው፣ እየመጣ ነው" አሉኝ።

እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት።